ሁለት ሙሽራ በአንድ ዳስ

እስቲ ቀረብ በሉ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሰባት ሰዎች ነው። ደመወዝ የላቸውም፣ አበል አይታሰብላቸውም። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲበተን፣ በአንዲት ባለ ቆርቆሮ ቤት ተሰብስበው እስኪመሽ ይነጋገራሉ። ከተማዋ በአማራ ክልል ካሉት ትንንሽ የወረዳ ከተሞች አንዷ ናት ልበላችሁ። ስሟን አልጠራም፤ የሰዎቹንም አልጠራም። በታሪኩ ውስጥ የምታገኟቸው ልጆች ዛሬ አድገው የራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል፤ ስማቸው በሰው አፍ እንዲዞር አልፈልግም።

ሰባቱ የአንድ ትንሽ ማኅበር ቦርድ ናቸው። ደንቡ ላይ ዓላማው «ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጃገረዶችን ካልታሰበ እርግዝና መጠበቅ» ተብሎ ተጽፏል። የከተማው ሰው «የሴት ልጆቹ ማኅበር» ይለዋል።

ሊቀመንበሩ ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ዛሬም ሰው ሁሉ «መምህር» ነው የሚላቸው። ምክትላቸው ሲስተር ናቸው፣ በማዋለጃ ክፍል የሸበቱ። ሦስተኛው ቄስ፣ የብዙ ቤት የንስሐ አባት። አራተኛው የእድር ዳኛ። አምስተኛዋ እትዬ የምንላቸው፣ ከግቢያቸው ስድስት ክፍል ለተማሪ የሚያከራዩ ሴት። ስድስተኛው በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ኖረው የወጡ ሰው። ሰባተኛዋ ታሪኩ ሲጀመር ገና የኮሌጅ ተማሪ ነበረች፤ ወደ እሷ በኋላ እመለሳለሁ።

ቦርድ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት ማኅተምና የታሸገ ውሃ ነው። እነዚህ ግን ሥራቸው ሌላ ነው። ሁለት ተቀጣሪ አሏቸው፣ አንድ አስተባባሪና አንዲት ሒሳብ ያዥ። ዓመታዊ በጀቱን ያጸድቃሉ፣ ኦዲተር ይመርጣሉ፣ አስተባባሪው ሲያጠፋ ይጠይቃሉ። ይህ በደንቡ የተጻፈው ነው። ያልተጻፈው ደግሞ ተቀጣሪው የማይገባበት ቤት መግባት ነው። ሃያ አምስት ዓመት የሆነው ዲፕሎማ የያዘ ልጅ አንድን የገጠር አባት «ልጅህን አትዳር» ቢለው ይሰማዋል? የሚሰማው የንስሐ አባቱ ሲነግረው ነው፣ ልጁን ያዋለደችለት ሲስተር ስትነግረው ነው፣ እናቱን የቀበረለት የእድር ዳኛ ሲነግረው ነው። ሰባቱ ለማኅበሩ የሚያዋጡት ገንዘብ አይደለም፤ በሰፈር ያላቸውን ከበሬታ ነው የሚያዋጡት። እሱ ደግሞ ሲመነዘር ያልቃል። ይህን ልብ በሉልኝ።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በአገራችን ይህን ሥራ በበጎ ፈቃድ የጀመሩ ሰዎች ጥንትም ነበሩ። ቤተሰብ መምሪያ የምንለውን፣ የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበርን፣ በፈረንጆች 1966 የመሠረቱት ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ክሊኒካቸው አንዲት ክፍል ነበረች፣ ሠራተኛቸውም አንዲት ነርስ። ዘመኑን አስቡት! የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን በአደባባይ ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሴት ልጅ 15 ዓመት ከሞላት ማግባት ትችላለች ይል ነበር። በዚያ ዘመን ተነሥቶ ስለ ወሊድ ማራራቅ ማውራት ስም ያስጠፋ ነበር። የጋብቻ ዕድሜ ለሴቱም ለወንዱም 18 የሆነው በ1992 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻ የፈጸመውን ይቀጣል፤ ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት እስከ ሦስት ዓመት፣ ካልሞላት እስከ ሰባት ዓመት እስራት።

ሕጉ ወጣ፤ ሰርጉ ግን አልቆመም። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት የአገራችን ልጃገረዶች ከመቶ 13ቱ ወይ ወልደዋል ወይ አርግዘዋል። በ1997 ይኸው ቁጥር 17 ነበር። በ2008ቱ ጥናት በአፋር ከመቶ 23፣ በሶማሌ 19፣ በአማራ 8፣ በአዲስ አበባ 3 ነበር። ትምህርት ቤት ደጃፍ ካልረገጡት መካከል ደግሞ ከአራቷ አንዷ በላይ እናት ወይም ነፍሰ ጡር ሆና ተገኝታለች። ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ነገር ይህ ነው፦ በአገራችን በዚህ ዕድሜ የሚያረግዙት አብዛኞቹ ባል ያላቸው ናቸው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ድግስ ተደግሶ፣ እልል ተብሎ የመጣ እርግዝና ነው። ስለዚህ ልጅቷን ብቻ ይዞ «ራስሽን ጠብቂ» ማለት ምን ይፈይዳል? ቀኑን የቆረጠው ሌላ ሰው ነው። መምህር ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲናገሩት ሰምቻለሁ፤ «ከልጆቹ ጋር የምንነጋገረውን ያህል ከአባቶቻቸው ጋር ካልተነጋገርን ቤታችን ገብተን እንተኛ» ይላሉ።

እንግዲህ ከዓመታት በፊት ወደነበረ አንድ ጥር እንሂድ።

ጥር ሲገባ የገጠር መምህር ስም መጥራት ያስፈራዋል። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ የሰርግ ወራት ነው፤ አዝመራው ተሰብስቧል፣ ጎተራው ሞልቷል፣ ጠላው ተጠምቋል። የሰባተኛ ክፍል መምህር ስም ሲጠራ «አቤት» የማትል ልጅ ካለች ወይ ታማለች ወይ ታጭታለች። በትምህርት ቤቶቹ የልጃገረዶች ክበብ አለ፤ በክበቡ ደግሞ በቁልፍ የተዘጋች የደብዳቤ ሣጥን። በዚያ ዓመት ከጥምቀት በፊት በነበረው ሳምንት ከሣጥኑ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ወጣች። የጻፈችው ታጪዋ አይደለችም፣ የክፍል ጓደኛዋ ናት። የልጅቷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የቀበሌውን ስም ጽፋ ከሥሩ «ከእህቷ ጋር አብረው ሊድሯት ነው» ብላለች።

ክበቡን የምትመራው መምህርት ወረቀቱን ለቦርዱ አደረሰች። ሬጅስትራሩ አጣሩ። ቤተሰቡ ሕጉን አክብሮ ሁለቱንም ልጆች የዕድሜ ምርመራ አስደርጎ ኖሯል፤ ሁለት ወረቀት ተጽፎላቸዋል፣ ሁለቱም «ከ18 ዓመት በላይ» ይላሉ። በሕግ ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

ሲስተር ወረቀቶቹን ተቀብለው አገላበጡ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ተነሥተው ወደ ጤና ጣቢያው መዝገብ ቤት ሄዱ። የድሮ የማዋለጃ መዝገቦች በካርቶን ታሽገው ተቀምጠዋል፤ ጠርዛቸውን አይጥ የበላው፣ ቀለማቸው የደበዘዘ። ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር በጣታቸው እየተከተሉ ፈለጉ። አመሻሹ ላይ አንዱን መዝገብ እንደ ታቦት ታቅፈው ተመለሱ። የእናትየው ስም፣ ቀበሌው፣ «ሴት፣ በሰላም» የሚል ጽሑፍ፣ ከግርጌውም የራሳቸው ፊርማ። «ይህችን ልጅ ያዋለድኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው።» ሁለቱንም ጊዜ ለምርመራ የቀረበችው ታላቂቱ ነበረች፤ አንድ ቀን በራሷ ስም፣ በሌላ ቀን በታናሽ እህቷ ስም።

ይህ ብልሃት እንግዳ እንዳይመስላችሁ። ሕጉ ሲጠብቅ ሰዉ መንገድ ያበጃል። ሰርጉን ተዝካር ነው የሚል አለ፣ የማኅበር ጽዋ ነው የሚል አለ፤ ሙሽራዋን ሌሊት ወደ ጎረቤት ወረዳ ወስዶ እዚያ የሚድር አለ። ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ይብሳል፤ በ2012 ኮሮና መጥቶ በሩ ሲከረቸም ደብተሯን ያስቀመጠች ልጅ ለአማቾች ዓይን ቅርብ ሆነች።

በዚያች ማታ ቦርዱ ተከራከረ። ሬጅስትራሩ ቀጥታ ወደ ፖሊስ እንሂድ አሉ፤ ሐሰተኛ ማስረጃም አለበት፣ ሁለት ወንጀል ነው። የእድሩ ዳኛ ተቃወሙ፤ «አባቷን ካሳሰርነው እርሻውን ማን ያርሳል? ልጅቷስ አባቴን ያሳሰርኩ እያለች በየትኛው ልቧ ትማራለች?» አሉ። ኮሌጅ የምትማረው ወጣት ደግሞ ሽምግልና እያሉ ቀኑ ቢያልፍስ ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፣ ሰርጉ ሊደርስ ስምንት ቀን ብቻ ቀርቷል። በመጨረሻ ሁለቱንም ወሰኑ። ሦስት ሰው ነገ ማታ ይሄዳል፤ እምቢ ከተባሉ ከነገ ወዲያ ጠዋት ጉዳዩ በጽሑፍ ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ይቀርባል። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ሁሉም ፈረሙ።

የሄዱት ቄሱ፣ ሲስተርና የእድሩ ዳኛ ናቸው። በግቢው ውስጥ የዳሱ እንጨት ተተክሏል፣ ጋኖቹ በረድፍ ቆመዋል። ባለቤቱ በደስታ ተቀበላቸው፤ ለሰርጉ ሊያግዙት የመጡ መሰለው። መደቡ ላይ ቁርበት ተነጠፈ፣ ጠላ ተቀዳ። ሦስቱም ቆመው ቀሩ።

«ጌታው፣» አሉ የእድሩ ዳኛ፣ «የመጣንበትን ሳትሰማን አንቀመጥም፣ እህል ውሃም አንቀምስም።»

እዚህ አገር ሽማግሌ ቤትህ ገብቶ አልቀመጥም ካለ ከባድ ነው። ሰውዬው ገባው። ፊቱ ተለወጠ። ሲስተር መዝገቡን ከነጠላቸው ሥር አወጡ። ማንበብም አላስፈለገ።

ዝም ብሎ ቆየና መናገር ጀመረ፤ የተናገረውን ደግሜ የምነግራችሁ ብዙ የከተማ ሰው እንዲህ ያሉ አባቶችን ጨካኝ አድርጎ ስለሚያስባቸው ነው። «አባ፣» አለ ወደ ቄሱ፣ «የሰው ሰርግ ስበላ ኖሬያለሁ። ብድሬን የምመልሰው ዘንድሮ ነው። ታላቂቱን ዘንድሮ ድሬ፣ ታናሿን ከአራት ዓመት በኋላ ልድር ብል ሁለተኛ ድግስ ከየት አመጣለሁ? አንድ በሬ ነው ያለኝ።» ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞስ ስምንተኛን ጨርሳ ከተማ ሄዳ ቤት ተከራይታ ልትማር ነው። ማንም የማያያት ቦታ። አርግዛ ብትመጣብኝስ? ባል ካላት ወግ ነው፤ ባል ከሌላት እኔስ እሷስ ምን እንሆናለን?»

አያችሁ? ሰውዬው የፈራው ቦርዱ የሚፈራውን ነው። እሱ የመረጠው መከላከያ ሰርግ ነበር።

ሲስተር ተራቸውን ወሰዱ። አጥንቷ ያልጠና ልጅ ምጥ ሲይዛት ምን እንደሚሆን በሴት ቋንቋ፣ ሳይሸፍኑ ነገሩት። ምጡ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይቆያል፤ የሕፃኑ ራስ ከዳሌዋ ላይ ተቀርቅሮ በመካከል ያለውን ሥጋ ይገድለዋል፤ ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም፣ እናትየዋ ብትተርፍ ሽንቷ ሳታውቀው ይፈሳል፤ ፌስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታልን የመሠረቱት ለእነዚህ ሴቶች ነው፤ ባሕር ዳርም ማዕከል አለው። ሲስተር እዚያ ይዘዋቸው የሄዱ ልጆች ነበሩ። «አውቶቡስ ላይ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው አይገኝም ነበር» አሉት። «እኔ ነበርኩ አጠገባቸው የምቀመጠው።»

ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የሴት ድምፅ መጣ። እናትየዋ ናት። «እኔን በዐሥራ ሁለቴ ነው የዳሩኝ» አለች። «የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቀብሬያለሁ። ንገሩት፤ እኔ ብነግረው አልሰማኝም።»

ቄሱ የተናገሩት አጭር ነበር። «ታላቂቱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወዳና ፈቅዳ ነው፣ እባርካታለሁ። ታናሿ ባለችበት ዳስ ግን አልገባም። ከሁለት አንዱን ምረጥ፤ ወይ እሷን ተው፣ ወይ ሌላ የንስሐ አባት ፈልግ።»

የቀረው የወንዱ ወገን ነበር። ጥሎሹ ተቆርጧል፣ ጥጃ ተሰጥቷል። የእድሩ ዳኛ በማግስቱ ወደ ልጁ አባት ሄዱ፤ የልጅነት ባልንጀራቸው ነው። ጥጃው ተመለሰ፣ ለልብሱ የወጣው ገንዘብ በሦስት ወር እንዲከፈል ዳኛው በራሳቸው ስም ዋስ ሆኑ። ያ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ደጃቸውን አልረገጠም፤ ሲሞት እንኳ ልጆቹ ከሌላ እድር ድንኳን አመጡ። ቄሱንም «ለመንግሥት ያደሩ» ብለው የሸሹ ቤቶች ነበሩ። ከበሬታ ሲመነዘር ያልቃል ያልኳችሁ ይህንን ነው። ባለ ደመወዙ ቢያኮርፉት ወረዳ ይቀይራል፤ እነሱ ግን የሚኖሩትም የሚቀበሩትም እዚያው ነው።

ሰርጉ በቀኑ ተደረገ። አንድ ሙሽራ ወጣች። ታናሿ በሰኞው ትምህርት ቤት ተገኘች፣ ስሟ ሲጠራ «አቤት» አለች።

ልጅ ከሰርግ ከተረፈች አበቃ ብሎ የሚያስብ ካለ ስለ ሞሰቦ ልንገረው። ሞሰቦ በጎጃም ያለች የገጠር መንደር ናት። ከ1996 እስከ 1998 «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ሥራ ተሠራባት፤ የክልሉ ወጣቶችና ስፖርት ቢሮና ፖፑሌሽን ካውንስል አብረው ያካሄዱት። ከመንደሩ የተመረጡ ሴቶች ልጃገረዶቹን ሰብስበው ፊደል ያስቆጥሯቸው፣ ሙያም ያስተምሯቸው ነበር፤ ለሚማሩት ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጥ ነበር፤ ሽማግሌውና ወጣቱ ስለ ጋብቻ ዕድሜ በአንድ ጥላ ሥር ይወያዩ ነበር። ሁለት ዓመት ሳታገባና ከቡድኗ ሳትጠፋ ለቆየች ልጅ ከወላጇ ጋር በአደባባይ አንዲት ፍየል ትሰጣት ነበር። ለልጅቷ የተሰጠች ንብረት! አባት ልጁን ሲያይ ከጥሎሽ ሌላም ነገር እንደምታስገባ አየ።

ውጤቱ ሲታይ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የማግባት ዕድላቸው ለንጽጽር ከተወሰደችው መንደር ልጆች አንድ አሥረኛ ገደማ ሆነ፤ በትምህርት ገበታ የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ የታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ ከንጽጽሯ መንደር ይልቅ በሞሰቦ ያገቡት በዙ። ትንንሾቹ ዳኑ፣ ዐሥራ አምስትን የተሻገሩት ግን ጠባቂ አጡ። መምህር ይህን ጥናት አንዱ የቀድሞ ተማሪያቸው ልኮላቸው ለቦርዱ ተርጉመው አነበቡት። ስለ ፍየሏ ሁሉም ተደሰተ። ስለ ትልልቆቹ ሲደርሱ ዝም አሉና እንደገና አነበቡት። «ዐሥራ አራት ላይ አስጥለን ዐሥራ ስድስት ላይ የምንለቃት ከሆነ ምን ሠራን?» አሉ።

ጥያቄው በሁለት ዓመቱ ራሱ ሄዶ እትዬ ግቢ ገባ። ያቺ ከሰርግ የተረፈችው ልጅ ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፋ ዘጠነኛ ለመማር ከተማ መጣች፤ አባቷ የፈራው ቀን ደረሰ።

የገጠር ተማሪን የከተማ ኑሮ የማታውቁ ካላችሁ ላሳያችሁ። ክፍሏ ሦስት እርምጃ በሦስት እርምጃ ናት። ሦስት ልጆች ይካፈሏታል፤ ኪራዩን በሦስት ይከፍላሉ። ከግድግዳው ሥር ሦስት ቦርሳ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ በፌስታል የታሰረ በሶ፣ በቅል የመጣ እርጎ። ዓርብ ሲመሽ ወይ ቅዳሜ ማለዳ ወደ አገራቸው ተጉዘው እሑድ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ፤ መንገዱ አራት ሰዓት የሚፈጅባቸው አሉ። ኪራይ የሚጎድላቸው ወር አለ፣ ስንቅ የሚያልቅባቸው ረቡዕ አለ። ከመንገድ ዳር ቆሞ «ላድርሳችሁ» የሚል ባጃጅ አለ። «ካርድ ልሙላልሽ፣ ምሳ ልጋብዝሽ» የሚል ትልቅ ሰው አለ። ይህን ሁሉ የምታልፈው ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ ያለች ልጅ ናት።

እትዬ ለዚህ ነገር ያመጡት ሐሳብ ቀላል ነበር፣ ከቢሮም ሆነ ከሥልጠና አልመጣም። ለተማሪ የሚያከራዩትን ሴቶች አንድ በአንድ ለምነው ሰበሰቡ። ውላቸው እንዲህ ነው፦ ኪራይ የጎደላት ልጅ በዚያው ወር አትባረርም፣ ጉድለቷን ማኅበሩ ይሸፍናል፤ አከራይዋ ማታ በር ሲዘጋ ልጆቹን ትቆጥራለች፤ ልጅ ከታመመች ወይ ካዘነች ለእትዬ ይነገራል። ገንዘቡ ከየት? የእድሩ ዳኛ ከሦስት እድሮች በየወሩ ጥቂት ብር እንዲቆረጥ አስወሰኑ። የውጭ እርዳታ እንደማያኖራቸው ቀድሞ ያስተማራቸው ነገር ነበር፤ በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ከገቢው ከመቶ ዐሥር በላይ ከውጭ የሚያገኝን ማኅበር በፆታ እኩልነትና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ሲከለክል ብዙ ትንንሽ ማኅበራት ተዘግተዋል። እነሱ የተረፉት በእድር ብር ነው። አዋጁ በ2011 በሌላ ተተካ፤ የእድሩ መዋጮ ግን እስከ ዛሬ አልቆመም።

ይህም ሆኖ አንዲት ልጅ አረገዘች። ያቺ ልጅ ሳትሆን የክፍል ተጋሪዋ። እትዬ ያወቁት በአምስተኛው ወር ነው። ማኅበሩ ምን ያድርግ? «ለሌሎቹ መጥፎ ምሳሌ ትሆናለች፣ ወደ አገሯ ትመለስ» ያሉ ነበሩ፤ ከቦርዱ ውስጥም ጭምር። ያን ጊዜ ነው ወጣቷ የቦርድ አባል የተነሣችው። «ልጅቷን ጠይቄያታለሁ» አለች። «ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። ደርሳ ተመለሰች።»

ለምን እንደተመለሰች በዓይናችን እንይ ብላ ቦርዱን በሙሉ ይዛ ወጣች። የጤና ጣቢያው በር ሲከፈት ፊት ለፊት አንድ ረጅም አግዳሚ አለ። ለቤተሰብ ምጣኔ የሚመጣ፣ ለክትባት የሚመጣ፣ ለወባ የሚመጣ ሁሉ እዚያ ላይ ተደርድሮ ወደ በሩ እያየ ነው ተራ የሚጠብቀው። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የመጣ ሰው ይሞላዋል። «እዚህ ላይ አክስቷ ብትቀመጥስ?» አለች። «መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ ነርሷም ጥሩ ሰው ናት። አግዳሚውን ማለፍ ግን የሚችል ልጅ የለም።»

ሲስተር ስንት ዓመት በዚያ አግዳሚ አጠገብ ተመላልሰዋል። ከወጣቷ ጎን ቆመው «እውነቷን ነው» አሉ።

ጤና ጣቢያውን አነጋግረው ከግቢው ኋላ፣ ከመጋዘኑ አጠገብ፣ አንዲት ክፍል ለወጣቶች ተለየች። የጓሮው በር ተከፈተ። ሰዓቱ ትምህርት ከተለቀቀ በኋላ ሆነ፤ ገበያ ቀን ተዘለለ። እዚያ ስለ ወር አበባም፣ ስለ መከላከያ መርፌውም፣ በክንድ ስለሚቀበረውም፣ እምቢ ስለ ማለትም ይወራል። ቄሱ በዚህ አልተስማሙም። ልጆች ባል ሳያገቡ መከላከያ መውሰዳቸውን በንስሐ አባትነታቸው ሊደግፉት እንደማይችሉ ተናገሩ፤ የልዩነት ሐሳባቸውም በቃለ ጉባኤው ተጻፈ። ከቦርዱ ግን አልወጡም። «ሰርግ የሚያስቆም እጅ ይጎድላችኋል» አሉና ቆዩ። እኔ በዚያ ክፍል አስፈላጊነት ከወጣቷ ጋር ነኝ፤ ግን እንዲህ ተለያይተው አብረው የሚሠሩ ሰዎች ያሉት ቦርድ ብዙ አላየሁም።

ያረገዘችው ልጅ ወለደች። ሕፃኑን እናቷ ያዘች። ትምህርት ቤቱ ወንበሯን እንዲያቆይላት መምህር ራሳቸው ርእሰ መምህሩን ለምነው ነበርና በመስከረም ተመለሰች፤ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች። በሰርግ ልትሄድ የነበረችው ልጅ ደግሞ ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። አባቷ ከገበያ ሲመለስ እትዬ ቤት ጎራ ሳይል አያልፍም።

የዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቦርድ ምርጫ ነበር። ወጣቷ እጇን አወጣች። ዓለም አቀፉ የቤተሰብ ዕቅድ ፌዴሬሽን አባል ማኅበራቱን ከቦርዳችሁ ቢያንስ ከመቶ ሃያው ከ25 ዓመት በታች ይሁን እንደሚላቸው አስረዳች፤ እኛ አባል ባንሆንም ሐሳቡ ልክ ነው አለች። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞራ «መምህር፣ አንድ ሰባተኛ ሃያ ከመቶ አይሞላም፤ ሒሳቡን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። መምህርም ደንቡ ተሻሽሎ ስምንተኛ ወንበር እንዲጨመር፣ እሱም ለወንድ ወጣት እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ፤ በልጆቹ ጉዳይ ስለ ወንዶቹ ሲወራ ኖሮ ከወንዶቹ ጋር ያወራ ሰው አልነበረምና።

የተመረጠው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል፣ ሁለት እህቶቹ እዚያው ከተማ ቤት ተከራይተው ይማራሉ። የመጀመሪያ ሥራው እዚያው ተሰጠው፦ በመነኸሪያው የሚሰለፉትን ባጃጅ ነጂዎች ሰብስቦ ከቦርዱ ጋር እንዲያገናኝ። ከተራ ቀን በፊት እንዲሆን ተስማሙ፤ ቀኑ ተቆረጠ፣ ስምንቱም ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረሙ።